ከቡታጋዝ ወደ ኤሌክትሪክ፦ ደጋግማችሁ ለምትጠይቁኝ ጥያቄዎች መልስ

እኛ ቤት በጋዝ ማብሰል ካቆምን ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። እውነቱን ለመናገር ሙሉ በሙሉ አላቆምንም። አንድ ሲሊንደር አሁንም በረንዳው ጥግ ቆሟል። ለምን እንደቆመ ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ከዚያ ወዲህ ዘመድም ጎረቤትም እየደወለ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቀኛል። እየደጋገምኩ ከማወራ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ጋዝ ስል ባለ ሲሊንደሩን ቡታጋዝ ማለቴ ነው፤ ነጭ ጋዝን አይደለም። የማወራውም አዲስ አበባ ስላለ ተራ መኖሪያ ቤት ነው። የኤሌክትሪክ ባለሙያ አይደለሁም። ግን ሁለት ሶኬት አቅልጬ ተምሬአለሁ።

ለመሆኑ ያዋጣል?

በአብዛኛው አዎ። ግን የእኔን ቃል ከማመን በራሳችሁ ዋጋ አስሉት። እዚህ ዋጋ የማልጽፈው ነገ ስለሚቀየር ነው። ስሌቱ ግን ያው ነው።

አንድ ኪሎ ቡታጋዝ ሲነድ 12.8 ኪሎዋት ሰዓት (የመብራት ቆጣሪያችሁ የሚቆጥርበት መለኪያ ነው) ገደማ ሙቀት ይሰጣል። ችግሩ፣ ግማሽ ያህሉ ድስቱ ውስጥ አይገባም። በድስቱ ጎን ሽቅብ ወጥቶ ወጥ ቤቱን ያሞቃል። ጋዝ ላይ ስትሠሩ ላብ በላብ የምትሆኑት ለዚህ ነው። ኢንዳክሽን ምድጃ (በመግነጢስ ድስቱን ራሱን የሚያሞቀው) ግን ከሚበላው ኤሌክትሪክ ከ80 በመቶ በላዩን ለድስቱ ያስረክባል። ሁለቱን ስታስተያዩ፣ አንድ ኪሎ ጋዝ የሚሠራውን ሥራ ኢንዳክሽን በ7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል። ባለ ሬዚስታንሱ (በሚግል ሽቦ የሚያሞቀው) ተራ ምድጃ ደግሞ 8 ወይም 9 ይፈጅበታል።

እንግዲህ ሲሊንደሩን ያስሞላችሁበትን ብር ለኪሎው አካፍሉ። የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋን ደግሞ በ7 አባዙ። የትኛው እንደሚያንስ ወዲያው ታያላችሁ። ሲሊንደሩ 12 ኪሎ ቢይዝ የ84 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሥራ ነው ማለት ነው።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። የመብራት ታሪፍ እርከን አለው። ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዷ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ ይላል። ስለዚህ ጋዝ እያላችሁ ትከፍሉ የነበረውን ዝቅተኛ ዋጋ ይዛችሁ አታስሉ። ምድጃው ሲጨመር የምትደርሱበትን እርከን ውሰዱ። ታሪፉ ደረጃ በደረጃ ሲጨምር ስለቆየ ያለፈው ዓመት ቢል አይረዳችሁም፤ የቅርቡን እዩ።

በስሌቱ የማይገባም ወጪ አለ። «ጋዝ ገባ?» እያሉ ስልክ መደወል፣ ሲሊንደር ተሸክሞ ታክሲ ፍለጋ፣ ባዶውን ይዞ ሄዶ ባዶውን ይዞ መመለስ። አገራችን ቡታጋዙን የምታስገባው በዶላር ከውጭ ነው፤ መንገዱ በአብዛኛው በጅቡቲ ነው። ዶላር ሲጠፋ እኛ ቤት ሽሮ ሳይሠራ ያድራል። ኤሌክትሪኩ ግን ከ90 በመቶ በላይ ከአገር ውስጥ ውሃ ነው የሚመነጨው።

የቤቴ መስመር ይችላል ወይ?

ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ የትኛውን ምድጃ ልግዛ ብሎ ነው። ይሄን የሚጠይቀኝ ግን ከአሥር አንድ ቢሆን ነው። መቅደም የነበረበት ግን ይሄኛው ነው። ምድጃ ከመግዛታችሁ በፊት ቆጣሪው አጠገብ ሂዱና ዋናው ብሬከር ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። 25፣ 32፣ 40 የሚል ነገር ታገኛላችሁ። አምፔር ነው። በ220 አባዙት። 32 ከሆነ ወደ 7,000 ዋት ነው። ቤታችሁ በአንድ ጊዜ ከዚያ በላይ መሳብ አይችልም።

አሁን የዕቃዎቻችሁን ዋት ደምሩ። ምጣድ 3,800። ኢንዳክሽን 2,000። ውሃ ማፍያ 1,800። ቦይለር 1,500። ድምሩ 9,100 ዋት፣ ማለትም 41 አምፔር ገደማ ነው። ባለ 32ቱ ብሬከር እንጀራ እየተጋገረ ሻይ ሲጣድና አንዱ ሻወር ሲገባ ቢወርድ ምን ይገርማል? የሚሻለው ተራ መያዝ ነው። እኛ ቤት እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ቦይለር አይበራም። ሕግ ነው።

ብሬከሩ ቶሎ ቶሎ ሲወርድ ብዙ ሰው የሚያደርገውን ልንገራችሁና እንዳታደርጉት። በትልቅ ይቀይሩታል። ሽቦው ግን ያው ቀጭኑ ሽቦ ነው። ብሬከሩ የሚወርደው ሽቦው እንዳይግል ብሎ ነው እንጂ እናንተን ለማናደድ አይደለም። ብሬከሩን አሳድጋችሁ ሽቦውን ከተዋችሁት፣ ቀጣዩ የሚወርደው ብሬከሩ ሳይሆን ሽቦው ነው፤ ያውም ግድግዳ ውስጥ እየነደደ።

ለምድጃና ለምጣድ ራሱን የቻለ መስመር አዘርጉ። ለተራ ሶኬት የሚዘረጋው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ነው። ለኢንዳክሽን ይበቃል። ለምጣድ ግን 4 ካሬ አድርጉት፣ የራሱ 25 አምፔር ብሬከርም ይኑረው። ሽቦ ስትገዙ መዳብ መሆኑን አረጋግጡ። ላዩን መዳብ የተቀባ ነገር ገበያው ላይ ሞልቷል፤ ጫፉን ፋቅ ስታደርጉት ውስጡ ነጭ ሆኖ ይወጣል።

ሌላው ኧርዝ ነው፤ ያመለጠ ኃይልን ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ። ብዙ ቤት ሶኬቱ የኧርዝ ቦታ አለው፤ ከኋላው ግን ምንም ሽቦ የለም። የእኛን ቤት የዘረጋው ሰው እንደዚሁ አድርጎት ነበር። ያወቅነው አክስቴ ድስት ስታማስል «ነዘረኝ!» ብላ ማማሰያውን ስትወረውር ነው። ባለሙያ ስታስገቡ ኧርዙ ከመሬት ጋር መገናኘቱን በመሣሪያ ለክቶ ያሳያችሁ። አቅም ካላችሁ ንዝረት ሲኖር በራሱ የሚቆርጠውን ባለ 30 ሚሊ አምፔር ብሬከርም አስጨምሩ። የሰው ነፍስ ያተርፋል።

ዲቫይደር ላይ ምድጃ መሰካት ደግሞ ጨርሶ የለም። ሁለቱ የቀለጡ ሶኬቶች ታሪክ ይሄ ነው።

የጋዝ ምጣዱን በኤሌክትሪክ ምጣድ ብለውጥ እንጀራው ያው ነው?

ምጣዱ በደንብ ከተሟሸና ኃይሉ ካልደከመ እንዲያውም ይሻላል። ጋዝ ላይ እሳቱ መሐሉን ይመታና ዳሩ ይቀዘቅዛል። እንጀራው መሐሉ አርሮ ጠርዙ ሊጥ ሊጥ ይላል። የኤሌክትሪኩ ሬዚስታንስ ግን ከሸክላው ሥር በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ ዙሪያውን ተጠምጥሞ ስለሚቀመጥ ሙቀቱ እኩል ይዳረሳል።

አዲስ ምጣድ እንደመጣ አይጋገርበትም። ይህን ለእናቶች መንገር አያስፈልግም፤ ለወጣቶቹ ነው። በጎመን ዘር ደጋግሞ ማሟሸት አለ። መጀመሪያ ቀን ቀስ አድርጋችሁ አሙቁት። እርጥበት የያዘ ሸክላ ድንገት ሲግል ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ምጣድ ደግሞ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሊጡ በስንጥቁ ገብቶ ሬዚስታንሱን ከነካው ይነዝራል።

ስለ ቆጣሪ የሚጨነቅ ሰው ምጣዱን ይፈራል። ልክ ነው፣ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ትልቁ በላተኛ እሱ ነው። 3,500 ዋት ምጣድ አንድ ሰዓት ተኩል ቢበራ 5 ኪሎዋት ሰዓት ከምናምን ይወስዳል። በሳምንት ሁለቴ ብትጋግሩ በወር 45 ያህል ነው። ለመቀነስ መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አንድ ቀን ሰብሰብ አድርጎ መጋገር። ምጣዱን ለማጋል የሚወጣው ኃይል ለአምስት እንጀራም ለሠላሳ እንጀራም ያው ነው። ሁለተኛ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት እንጀራዎች ሲቀሩ ማጥፋት። ሸክላው ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ አክንባሎው ከተከደነ ይጨርሳቸዋል። የመጨረሻዋ ትንሽ ብትነጣ ለፍርፍር ትሆናለች።

ኃይል ሲደክም ምን ይሆናል?

የእንጀራ ዓይን ይጠፋል።

ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ስሌት አለው። ሬዚስታንስ የሚሰጠው ሙቀት ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይወርድም፤ ከዚያ ይብሳል። 220 የነበረው ወደ 180 ቢወርድ ሙቀቱ በሲሶ ይቀንሳል። ምጣዱ እየሞቀ ይመስላችኋል፣ እንጀራው ግን ዓይን አያወጣም፣ ይለጠፋል። ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ በሚጥድበት የበዓል ዋዜማ ይሄ ያጋጥማል። መፍትሔው ሰዓት መቀየር ነው። ለሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነስታችሁ ብትጋግሩ መስመሩ የእናንተ ነው። ለምጣድ ስታብላይዘር (ቮልቴጁን የሚያስተካክል ዕቃ) የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ፣ አራት ሺህ ዋት የሚሸከም ስታብላይዘር ዋጋውንም ክብደቱንም ጠይቁና ራሳችሁ ትስቃላችሁ።

ኢንዳክሽኑ ደግሞ ውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ነው። ኃይል በጣም ሲወርድ ወይም ሲወጣ የስሕተት ቁጥር እያሳየ ያቆማል። የተበላሸ መስሏችሁ ወደ ጠጋኝ አትሩጡ።

ኢንዳክሽን፣ ኢንፍራሬድ ወይስ ባለ ሬዚስታንሱ?

ሱቅ ውስጥ ኢንዳክሽኑና ኢንፍራሬዱ መንታ ነው የሚመስሉት። ሁለቱም ጥቁር መስታወት፣ ሁለቱም ቁልፍ በጣት። ሻጩም አንዳንዴ አይለያቸውም። ልዩነታቸው ግን ትልቅ ነው።

ኢንዳክሽን ራሱ አይግልም። ከሥሩ ያለው ጥቅልል ሽቦ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥርና ድስቱ ራሱ እንዲሞቅ ያደርጋል። ፈጣን ነው፣ ቆጣቢ ነው። ግን ድስት ይመርጣል። ኢንፍራሬዱ ከመስታወቱ ሥር ቀልቶ የሚግል ሬዚስታንስ አለው፤ ማንኛውንም ድስት ይቀበላል። ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ከጠፋም በኋላ መስታወቱ ለረጅም ጊዜ ያቃጥላል። ልጆች ካሉ አስቡበት። ባለ ሬዚስታንሱ የድሮው ምድጃ ርካሽ ነው፣ ሠፈር ውስጥ ይጠገናል። ሽቦው ክፍት የሆነውን ዓይነት ግን አልመክርም። ወጥ ገንፍሎ ሲፈስበት በወጡ በኩል ይነዝራል።

የእኔ ምርጫ? አንድ ኢንዳክሽን ለዕለት ተዕለት፣ አንድ ኢንፍራሬድ ለጀበናና ለሸክላ። ሁለቱ ተደምረው የአንድ ጥሩ የጋዝ ምድጃ ዋጋ አይሞሉም ባይባልም ብዙም አይርቁም።

ያሉኝ ድስቶች ይሠራሉ?

ማግኔት ያዙና ሥራቸውን ንኩ። ጥብቅ ብሎ ከያዘ ኢንዳክሽን ላይ ይሠራል። ከወደቀ አይሠራም። በቃ ይኸው ነው ፈተናው። የፍሪጅ ጌጥ ማግኔት ይበቃል።

እኛ ቤት ከአሥራ አንድ ድስት ያለፉት ሦስት ነበሩ። እናቴ ከሠርጓ ጀምሮ የያዘቻቸው አሉሚኒየሞች በሙሉ ወደቁ። «ድስቶቼን የናቀ ምድጃ ቤቴ አይገባም» ብላ ሁለት ሳምንት አኮረፈች። ኢንፍራሬዱ የተገዛው ለማስታረቅ ነው።

የሸክላ ሽሮ ድስትም ኢንዳክሽን ላይ ምንም አይሆንም። አይሞቅም ማለቴ ነው። ጀበናም እንደዚሁ። ከሥር ብረት ሳህን አድርጋችሁ ጀበናውን ብታስቀምጡ ይሞቃል የሚሉ አሉ። ይሞቃል፤ ግን ሳህኑ ከመጠን በላይ ይግላል፣ መስታወቱንም ሊሰነጥቅ ይችላል፣ ቁጠባውም ይቀራል። ለጀበና ኢንፍራሬድ ወይም ተራውን ምድጃ ተጠቀሙ፤ ጀበናው ሲሞቅ ከዝቅተኛው ጀምሩለት።

ዶሮ ወጥ በኢንዳክሽን ይሠራል?

ይሠራል፣ ግን የመጀመሪያው ዶሮ ወጤ አርሯል። ይቅርታ የምጠይቀው በዚያ ፋሲካ እኛ ቤት የበሉትን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ለሰዓታት ሲቁላላ ጋዝ ላይ የለመድነው ዓይን በዓይን እያየን እሳቱን ዝቅ ከፍ ማድረግ ነው። ኢንዳክሽን ላይ የሚታይ እሳት የለም። በዚያ ላይ ርካሾቹ ምድጃዎች ጥቅልል ሽቦአቸው ትንሽ ስለሆነ ሙቀቱ ሁሉ የድስቱ መሐል ላይ ይከማቻል። ሥሩ ስስ የሆነ ሰፊ ድስት ከሆነ መሐሉ ሲያርር ዳሩ ያለው ሽንኩርት ገና ውሃውን አልጨረሰም። ሥሩ ወፍራም ድስት ግዙ። ከመካከለኛው በታች ጀምሩ። ሌላም ጠባይ አለው፤ ዝቅ ስታደርጉት ርካሹ ዓይነት በእውነት ዝቅ አይልም፣ ያጠፋና መልሶ ያበራል። ድስቱ ሲንተከተክ ዝም፣ ሲንተከተክ ዝም ይላል። አትደንግጡ። ሥሩ ወፍራም ድስት ይህንንም ያለዝበዋል።

ለሠርግ ወይም ለክርስትና የሚጣደው ትልቅ ድስት ግን በዚህ ምድጃ አይታሰብም። ያኔ ጋዝ ወይም እንጨት ነው።

ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ሥጋ ረጅም ጊዜ ይወስድብኛል፤ ቆጣሪዬን አይበላውም?

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ እንጂ በ100 አይደለም። ምድጃውን የቱንም ያህል ብታስጮሁት ውሃው ከ92 አያልፍም፤ በእንፋሎት መሄድ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ባቄላው አልበስል የሚለው።

ስለዚህ እዚህ ከተማ ከኤሌክትሪክ ምድጃ ቀጥሎ የምገዛው የኤሌክትሪክ ፕሬዠር ኩከር ነው። ከክዳኑ ሥር ግፊቱ ሲጨምር የውሃው መፍያ ከ100 በላይ ይወጣል። 1,000 ዋት አካባቢ ነው የሚጠቀመው፣ ግፊቱን ከያዘ በኋላ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጠፍቶ ነው የሚቆየው። ሌሊት የተዘፈዘፈ ሽምብራ ከግማሽ ሰዓት ብዙም ሳያልፍ ይበስላል። ከኤሌክትሪክ ዕቃዎቼ ሁሉ ገንዘቡን ቶሎ የመለሰልኝ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

መብራት ሲጠፋስ?

ያ በረንዳ ላይ የቆመው ሲሊንደር የቆመው ለዚህ ነው።

«ሕዳሴ ግድብ እኮ አለቀ፣ ከአሁን በኋላ መብራት አይጠፋም» የሚሉኝ አሉ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ሙሉ አቅሙም 5,150 ሜጋዋት ነው። ደስ ይላል። ግን የእናንተ ቤት መብራት ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ኃይል ስለጎደለ ሳይሆን የሰፈሩ ትራንስፎርመር ስለተቃጠለ፣ ምሰሶ ስለወደቀ ወይም ንፋስ ሽቦውን ስላጋጨው ነው። ግድብ ትራንስፎርመር አይጠግንም።

ስለዚህ አንድ ባለ አንድ እሳት የጋዝ ምድጃና ግማሽ የሞላ ሲሊንደር አስቀሩ። በወር አንዴ ሁለቴ ብትጠቀሙት ዓመት ሊያዘልቃችሁ ይችላል። ጎማውንና ሬጉሌተሩን ግን በሳሙና አረፋ እየፈተሻችሁ ነው። አረፋው ከተነፋ ያፈሳል። ሳይነካ የተቀመጠ ጎማ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ቡታጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሲፈስ ወለል ላይ ነው የሚተኛው። ሲሸታችሁ መብራት አታብሩም አታጥፉምም። በርና መስኮት ከፍታችሁ ውጡ።

ባትሪና ኢንቨርተር አይሻልም ወይ ላላችሁኝ፦ ለአምፖል፣ ለቲቪ፣ ለዋይፋይ ግሩም ነው። ለምድጃ ግን አይሆንም። 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ ከሙሉ እስከ ባዶ ቢሟጠጥ 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ነው ያለው። 2,000 ዋት ኢንዳክሽን በግማሽ ሰዓት ከምናምን ይውጠዋል። ምጣድማ አይነሳ።

መብራት ጠፋ ብሎ የከሰል ምድጃ ቤት ውስጥ አግብቶ በር መዝጋት ደግሞ ሞት ነው። የከሰል ጭስ የሚገድለው ሳይሸት ነው። በየክረምቱ የምንሰማው ዜና በቂ ነው።

ተከራይ ነኝ፤ አከራዬ «ምጣድ አይፈቀድም» ብለውኛል።

ብዙ ግቢ ውስጥ አንድ ቆጣሪ ለአራት ለአምስት ቤት ነው። አከራይ የሚፈሩት ሁለት ነገር ነው፤ ቢሉንና ቃጠሎን። ሁለቱም ያለ ምክንያት አይደሉም። እኔ የመከርኳቸው አንድ ባልና ሚስት በራሳቸው ወጪ ንዑስ ቆጣሪ አስገጠሙ። የሚጠቀሙትን ቆጥረው ይከፍላሉ፣ ጭቅጭቁ አለቀ። ለኢንዳክሽኑ አከራዩ ፈቀዱ፤ ለምጣድ ግን አሁንም አልፈቀዱም። እንጀራ ይገዛሉ። መስመሩ የማይችል ከሆነ የአከራዩ እምቢታ ትክክል ነው። ደብቆ ማታ ማታ መጋገር ግን ይቅርባችሁ። አሮጌ የጭቃ ቤት፣ ባለ ጨርቅ ኮርኒስ፣ ቀጭን ሽቦ… አታድርጉት።

ኮንዶሚኒየም ላይ ያላችሁ ምጣዱን በረንዳ ላይ የምታደርጉ ከሆነ ዝናብ የማይደርስበት ሶኬት ይሁን። በመስኮት የተጎተተ ገመድ በር ሲዘጋበት ልባሱ ይላጣል።

ባለ ካርድ ቆጣሪ ነው ያለኝ። ችግር አለው?

የለውም፣ እንዲያውም ለመቆጣጠር ይመቻል። ከመጋገራችሁ በፊትና በኋላ ቁጥሩን ጻፉ። የአንድ እንጀራ ዋጋ ራሱ ይወጣላችኋል። የበዓል ዋዜማ ካርድ አልቆ ምጣዱ ላይ ግማሽ እንጀራ እንዳይቀር ብቻ ቀድማችሁ ሙሉ።

ኢንዳክሽን ጨረር አለው፣ ካንሰር ያመጣል ይባላል?

ምግቡ ላይ የሚደርስ ነገር የለም። ድስቱ ይሞቃል፣ ድስቱ ምግቡን ያሞቃል። መግነጢሳዊ መስኩ ከምድጃው ራቅ ሲባል በፍጥነት ይዳከማል። የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተተከለለት ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ ምድጃው ላይ ተደግፎ አይሥራ። ስለ ጤና ከተነሳ፣ ጋዝ ሲነድ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ አስም ላለበት ልጅ አይመችም። መስኮት የሌለው ወጥ ቤት ካላችሁ ይሄ ብቻውን ለመለወጥ በቂ ምክንያት ነው።

እህቴ ከአሜሪካ ምድጃ ልላክልሽ ትላለች።

ዶላሩን ትላክ። የአሜሪካ የቤት መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። እንዲሁ ከሰካችሁት በአፍታ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ይሻላል እንዳትሉ፣ ለ1,800 ዋት የሚሆነው ትራንስፎርመር ራሱ ድንጋይ ነው። ከዱባይ ወይም ከእስራኤል የሚመጣ ግን ቮልቴጁ ይስማማል፤ ስፒናውን መቀየር ብቻ ነው። የዱባዩ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ስለሆነ ሳሳ ያለ አዳፕተር ላይ ምድጃ አትሰኩ። ባለሙያ ስፒናውን ቆርጦ ጥሩ ባለ 16 አምፔር ይቀይርላችሁ።

ቦይለርስ?

ቦይለር ቀድሞውኑ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው፤ የሚለወጥ ነገር የለም። ሙሉ ቀን አብርታችሁ አትተዉት፤ ከመታጠባችሁ ሰዓት በፊት አብሩት።

ቡናውስ? ፍም ከሌለ እጣኑ ምን ላይ ይጨሳል?

ይሄን የጠየቁኝ የጎረቤታችን እትዬ ናቸው፤ ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ቆሎውም ቡናውም ኢንፍራሬዱ ላይ ይቆላል፣ ጀበናውም ይፈላል። እጣን ግን ፍም ይፈልጋል። ከዓረብ አገር የሚመጡ ልጆች የኤሌክትሪክ ማጤሻ ይዘው ይመጣሉ። ትንሽ ሳህን ናት፣ ትግላለች፣ እጣኑን ታጨሳለች። ለእትዬ አንዷን አሳየኋቸው። አሸተቱ፣ ዙሪያዋን አዩዋት፣ ገመዷን አነሱ።

«ጥሩ ናት» አሉ። ከዚያ ልጃቸውን ከሰል እንዲያቀጣጥል በረንዳ ላኩት።